ከትልቁ ቴሌስኮፕ በፊት የምሽት መዝገብ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ጨረቃ በፀሐይ ፊት ስታልፍ በላሊበላና በዙሪያው ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ ታየች። ደሴና ኮምቦልቻ ከቀለበቱ መስመር ወደ ደቡብ ስለሚገኙ ሙሉውን ቀለበት አላዩም፤ ከፀሐይዋ ገጽ አብዛኛው ተሸፍኖ ማለዳው ሲደበዝዝ ግን ሰው ሁሉ አንጋጦ ነበር። የደሴን አመሠራረት የሚያወሳው ትውፊትም የሰማይ ነገር አለበት። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1882 እ.ኤ.አ. በሥፍራው ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው በመደነቅ ከተማዋን እንደቆረቆሯት ይነገራል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ እንደነበረ የዓለም ሥነ ፈለክ ታሪክ መዝግቧል። በሁለቱ ክስተቶች መካከል ከ130 ዓመት በላይ አለ። ሁለቱንም አየናቸው፣ ሁለቱም አስደነቁን፤ ከሁለቱም ግን ለተከታዩ ትውልድ ያስቀመጥነው ልኬት የለም። የትኛው ሰዓት ላይ ጀመረ፣ ብርሃኑ ምን ያህል ወረደ፣ መቼ አበቃ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ የአካባቢ ሰው ደብተር አልቀረልንም። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ስለዚህ ጉድለት ነው። የሥነ ፈለክ ዕውቀት የሚገነባው አልፎ አልፎ በሚያስደንቅ ክስተት ሳይሆን ተደጋግሞ በሚለካ ነገር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ዛሬውኑ ሊጀምሩበት የሚችሉት ሥራ የተለዋዋጭ ከዋክብትን፣ በተለይም እርስ በርስ የሚጋረዱትን ጥንድ ከዋክብት፣ ብርሃን መመዝገብ ነው።

በአገራችን ስለ ኅዋ ሳይንስ ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ትልልቅ ነገሮች ይሄዳል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መወንጨፏ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች መተከላቸው፣ በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ ለሌላ ትልቅ ቴሌስኮፕ የሚሆን ሥፍራ ሲጠና መቆየቱ ይነሳል። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ በሰጠው ዕድል ኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ አቅጣጫ ያለን አንድ ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረውን ፕላኔት «አቦል» ብላ መሰየሟም የሚያስደስት ነው። እነዚህን የሚያጣጥል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ሁሉም ከተራው ተማሪ እጅ የራቁ ናቸው። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የምትማር ልጅ ሳተላይት አትወነጭፍም፤ በእንጦጦው ቴሌስኮፕም ተራ አይደርሳትም። የሰማዩን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ እንድታጠና ከተተወች ደግሞ ሳይንስ ማለት ሌሎች ያገኙትን መሸምደድ ይመስላታል። ተጋራጅ ጥንድ ከዋክብት ይህን ግምት የሚያፈርሱት በዓይን ብቻ ታይተው፣ በእርሳስ ተመዝግበው፣ እውነተኛና ሊረጋገጥ የሚችል ውጤት ስለሚሰጡ ነው።

ጉዳዩን በአንድ ኮከብ እንየው። ፐርሲየስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለው አልጎል ከእኛ 90 ያህል የብርሃን ዓመት ይርቃል። ለዓይን አንድ ነጠላ ኮከብ ነው። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ግን ብርሃኑ ለ5 ሰዓት ያህል እያሽቆለቆለ ሄዶ ከመደበኛው ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ በቀጣዮቹ 5 ሰዓታት ደግሞ ተመልሶ ይፈካል። በጨለማ ሜዳ ላይ አንዱ ፋኖስ፣ ሌላው ኩራዝ ይዘው አንዱ በአንዱ ዙሪያ የሚዞሩ ሁለት ሰዎችን ከሩቅ የሚያይ ሰው የሚታየው አንድ ብርሃን ነው። ኩራዝ የያዘው በፋኖሱ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል፤ ፋኖስ የያዘው ኩራዙን ሲጋርድ ደግሞ በጥቂቱ ብቻ። አልጎልም እንዲሁ ነው። ደማቁ ኮከብ በደብዛዛው ጓደኛው ሲሸፈን ዓይን የሚለየው ትልቅ ግርዶሽ ይሆናል፤ ደብዛዛው ሲሸፈን የሚፈጠረውን ግርዶሽ ግን መሣሪያ ካልሆነ ዓይን አይለየውም። ይህን ምክንያት በመጀመሪያ ያቀረበው በእንግሊዝ ዮርክ ከተማ ይኖር የነበረው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ጆን ጉድሪክ ነው። በ1782 እና በ1783 እ.ኤ.አ. ያለ ቴሌስኮፕ፣ ሌሊት በመስኮት እየተመለከተ፣ አልጎልን ከጎረቤት ከዋክብት ጋር አነጻጸረ። ያገኘው የዑደት ርዝመት ከዛሬው ልኬት የሚለየው በጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜው 18 ዓመት፣ ማለትም የዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እኩያ ነው። የለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ በ1783 የኮፕሊ ሜዳሊያውን ሸለመው፤ 22 ዓመት ሳይሞላውም አረፈ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። ብቻውን የሚኖር ኮከብ ክብደቱን በቀጥታ የምናውቅበት መንገድ እምብዛም የለም። ብርሃኑን እናያለን፣ ቀለሙን እንለካለን፤ በውስጡ ምን ያህል ቁስ እንዳለ ግን በግምት ነው የምንናገረው። ሁለት ከዋክብት አንዱ በሌላው ዙሪያ ሲዞሩና አንዱ አንዱን ሲጋርድ ነገሩ ይለወጣል። ግርዶሽ መታየቱ ራሱ ምሕዋራቸውን በጎን በኩል እያየን መሆኑን ያረጋግጣል። ብርሃናቸውን በመተንተን የሚገኘው ፍጥነት ክብደታቸውን፣ የግርዶሹ ርዝመት ደግሞ ስፋታቸውን ይሰጠናል። በዚህ መንገድ የአልጎል ደማቅ ኮከብ ከፀሐይ 3 እጥፍ ገደማ እንደሚከብድ፣ ደብዛዛው ጓደኛው ግን ከፀሐይ ያነሰ ቁስ ይዞ ከደማቁ ይልቅ የተነፋ መሆኑ ታወቀ። እዚህ ላይ ትልቅ እንቆቅልሽ ተፈጠረ። ከባድ ኮከብ ነዳጁን ቶሎ ጨርሶ ቀድሞ ያረጃል፤ በአልጎል ግን ያረጀው ቀላሉ ነው። መልሱ የተገኘው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ቀላል የሆነው ኮከብ በፊት ከባዱ ነበር፣ አርጅቶ ሲነፋ ቁሱ ወደ ጎረቤቱ ፈሰሰ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች በደቡብ ሰማይ ያለችውን ትልቋን የማጄላን ደመና ርቀት በ1 በመቶ ስሕተት ብቻ የለኩት 20 ተጋራጅ ጥንዶችን ተጠቅመው ነው። የጽንፈ ዓለሙ የርቀት መለኪያ ከሚቆምባቸው ምሰሶዎች አንዱ ይህ ልኬት ነው።

ከዚህ በላይ ግን ለትምህርት የሚጠቅመን ከዋክብቱ የተመደቡበት ታሪክ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ታሪኩ መልክን አይቶ መመደብ የት ድረስ እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚያሳስት በግልጽ ያሳያል። በ1880 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ኮከብ ማጥኛ ኃላፊ ኤድዋርድ ፒከሪንግ ተለዋዋጭ ከዋክብትን በአምስት ምድብ ከፈለ። ድንገት የሚፈነዱ አዳዲሶች፣ ረጅም ዑደት ያላቸው፣ ሥርዓት የሌላቸው፣ አጭር ዑደት ያላቸው፣ እና እንደ አልጎል ያሉ። ለዘመኑ አስተዋይ ሥራ ነበር። ሆኖም ቤታ ሊራና ዴልታ ሴፊ የሚባሉትን፣ ሁለቱንም ጉድሪክ በ1784 ያገኛቸውን ከዋክብት፣ በአንድ ምድብ አስቀመጣቸው። ሁለቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳያቋርጡ ስለሚለዋወጡ በመልክ ይቀራረባሉ። ዛሬ የምናውቀው ግን ቤታ ሊራ በስበት ተስበው እንቁላል መሳይ የሆኑ፣ የሚጋረዱ ጥንድ መሆኑን፣ ዴልታ ሴፊ ግን ለብርሃን ለውጡ ጓደኛ የማያስፈልገው፣ ራሱ እየተነፋና እየተኮማተረ የሚለዋወጥ መሆኑን ነው። ስሕተቱ ቶሎ አልታረመም። በ1894 ሩሲያዊው ቤሎፖልስኪ የዴልታ ሴፊ ፍጥነት እንደሚለዋወጥ ሲያገኝ ብዙዎች «እንግዲያው ጥንድ ነው» ብለው ደመደሙ። ሃርሎው ሻፕሊ በ1914 ሐሳቡን እስኪያፈርሰው ድረስ ሃያ ዓመት ያህል ይህ አመለካከት ቆየ። በዚያው ጊዜ ሄንሪየታ ሌቪት በ1912 ዑደታቸው የረዘመ ሴፊዶች፣ ማለትም እንደ ዴልታ ሴፊ ያሉ ከዋክብት፣ ይበልጥ ደማቅ መሆናቸውን አሳይታ ነበር፤ ኤድዊን ሀብል በ1923 ባገኘው ሴፊድ አማካይነትም አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለች ሌላ ጋላክሲ መሆኗ ታወቀ። የምድብ ጉዳይ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከሌቪት ግኝት የመጣውን የርቀት መለኪያ ለሁሉም ተለዋዋጭ ኮከብ ሳይለይ የተጠቀመበት ሰው ርቀቱን ሁሉ ያዛባል።

ዛሬም ቢሆን ምደባው በሁለት ሐዲድ ይሄዳል። በ1948 እ.ኤ.አ. በሞስኮ መታተም የጀመረው የተለዋዋጭ ከዋክብት አጠቃላይ መዝገብ በየጊዜው እየተሻሻለ ከዋክብቱን ፈንጂ፣ ተነፊ፣ በመሽከርከር የሚለዋወጡ፣ ተጋራጅና ሌሎች እያለ በምክንያታቸው ይለያል፤ ተጋራጆቹን ግን በብርሃን ግራፋቸው መልክ በሦስት ይከፍላቸዋል። ከግርዶሽ ውጭ ብርሃናቸው የማይናወጥ የአልጎል ዓይነት፣ ያለማቋረጥ የሚለዋወጡ የቤታ ሊራ ዓይነት፣ እና ከዋክብቱ እስከ መነካካት ተጠጋግተው ሁለቱ ግርዶሾች እኩል ሊሆኑ የደረሱ የደብልዩ ኡርሳ ማጆሪስ ዓይነት። በ1955 ዝደኔክ ኮፓል ሌላ መንገድ አመጣ፤ ሁለቱ ከዋክብት ተለያይተው ይኖራሉ፣ አንዱ ወደ ሌላው ይፈሳል፣ ወይስ ተጣብቀዋል ብሎ መጠየቅ። በመጀመሪያው ምደባ አንድ የሆኑ ከዋክብት በሁለተኛው ሊለያዩ ይችላሉ። የአልጎል ዓይነት ግራፍ ያለው ጥንድ ፈጽሞ ያልተነካካም፣ ቁሱን የሚያፈስም ሊሆን ይችላል። ወጥመዱም ብዙ ነው። ሁለቱ ግርዶሾች እኩል የሆኑበትን ጥንድ በቸልታ የመረመረ ሰው ዑደቱን በግማሽ ይቆርጥና ተነፊ ኮከብ ነው ይላል። ፕላኔት በኮከብ ፊት አለፈች ተብሎ የተዘመረለት ትንሽ የብርሃን ቅናሽም ሲጣራ ከኋላ ያለ የተጋራጅ ጥንድ ጥላ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ለተማሪ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። ግራፉን አይቶ ስም ይሰጣል፤ ከዚያም «ይህ ስም ስሕተት ቢሆን ኖሮ ምን አያለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ልማድ በከዋክብት ላይ የቀሰመ ሰው በእህል ገበያ ዋጋ ላይም፣ በበሽታ ስርጭት ላይም፣ በፖለቲካ ወሬ ላይም ይሠራበታል።

የመዝገብ ጥራት ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳይ የቅርብ ጊዜ ጉዳይ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች ኬአይሲ 9832227 የተባለ የተጣበቀ ጥንድ ዑደቱ እያጠረ መሆኑን ጠቅሰው በ2022 ገደማ ሁለቱ ከዋክብት ተጋጭተው በዓይን የሚታይ ፍንዳታ እንደሚሆን ተነበዩ። ዓለም በጉጉት ተቀበለው። በ2018 ሌላ ቡድን ሲያጣራ ትንበያው ከቆመባቸው የቀደሙ መረጃዎች በአንዱ ላይ የ12 ሰዓት የጊዜ ስሕተት ተገኘ፤ ስሕተቱ ሲስተካከል ትንበያውም ተነነ። አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት በእኛ አቆጣጠር በጠዋት 3 ሰዓትና በማታ 3 ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከደሴ የታየ ነገር በዓለም አቀፉ ሰዓት 18 ሰዓት ነው፤ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለው ቃል ከደብተሩ ከተዘለለ መዝገቡ ከንቱ ይሆናል። «ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ሰውም ከረቡዕ ወደ ሐሙስ ይሁን ከሐሙስ ወደ ዓርብ ያለውን ሌሊት ካላመለከተ አንድ ሙሉ ቀን ያሳስታል። በሁለት የሰዓት አቆጣጠርና በሁለት ካላንደር የሚኖር ሕዝብ ይህን ጥንቃቄ ከማንም ይልቅ ሊማረው ይገባል፤ መማሪያውም በየደብተሩ ላይ በሦስት ዓምድ የእኛን ቀንና ሰዓት፣ የሌሊቱን መነሻና መድረሻ ዕለት፣ ዓለም አቀፉን ሰዓት ጎን ለጎን መጻፍ ነው።

ሥራው በተግባር ምን ይመስላል? ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በ11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ትገኛለች። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ምሽቶች በሰባቱ ከዋክብትና በሰሜን በኩል ደብልዩ ፊደል በሚመስለው ካሲዮፒያ መካከል የሚፈልግ ሰው አልጎልን ያገኘዋል። ኮከቡ ከፍ ሲል በሰሜን 60 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሚደርስ በምዕራብ የቆመው ጦሳ አይጋርደውም። በመደበኛ ጊዜው በአንድሮሜዳ የከዋክብት ስብስብ ካለው አልማክ ጋር እኩል ይደምቃል፤ በግርዶሹ ጥልቀት ላይ በትሪያንጉለም ካለው አልፋ ከሚባለው ኮከብ ጋር ይስተካከላል። የአልማክ የብርሃን ደረጃ 2.1፣ የሌላው 3.4 ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ ይቀንሳል። በመካከል ኤፕሲሎን ፐርሴይ በ2.9 አለ። ተማሪዋ በየሩብ ሰዓቱ ቀና ብላ አልጎል ከአልማክ ምን ያህል እንዳነሰ፣ ከኤፕሲሎን ምን ያህል እንደበለጠ ትገምታለች፤ በሁለቱ መሐል ከመሰላት 2.5 ብላ ትጽፋለች። ሌሊቱ ሲያልፍ ቁጥሮቹን በካሬ ወረቀት ላይ ታሰፍርና የመውረጃና የመውጫ መስመሮቹ እኩል የሚከፈሉበትን ሰዓት ታወጣለች። በዓይን ብቻ የሚሠራው ይህ ልኬት በሩብ ሰዓት ያህል ሊሳሳት ይችላል። ነገር ግን ከ20 ዑደት በኋላ፣ ማለትም ከ57 ቀን በኋላ፣ ሌላ ግርዶሽ ለክታ በመሐል ያለውን ጊዜ ለ20 ብታካፍል ስሕተቱም ለ20 ስለሚካፈል የዑደቱን ርዝመት ወደ አንድ ደቂቃ በቀረበ ስሕተት ታገኘዋለች። ከ90 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ ነገር በደቂቃ የሚለካበት፣ ወጪውም ደብተርና እርሳስ ብቻ የሆነ ሌላ የላቦራቶሪ ሥራ በቀላሉ አይገኝም።

ስሌቱ ለወሎ ባዕድ አይደለም። ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ አልጎል ከታች ከደረሰ ቀጣዩ ግርዶሽ ሐሙስ ምሽት 2 ሰዓት ከ49 ላይ ነው፤ የሚከተለው እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ38 ላይ ስለሚሆን ጥልቁ በፀሐይ ብርሃን ያመልጣል፣ ከጨለመ በኋላ ግን ኮከቡ ሲያገግም ይታያል። ይህ ዓይነቱ ዑደትን እያባዙ ትርፉን የመያዝ ስሌት በባሕረ ሐሳብ ወንበርን በ11 አባዝቶ፣ በ30 ገድፎ አበቅቴን ከማውጣት የራቀ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ አገር የዐቢይ ጾምንና የፋሲካን ቀን የሚያወጡ መምህራን፣ በየመድረሳው የሶላት ወቅትን በፀሐይ፣ የረመዳንን መግቢያ በጨረቃ የሚከታተሉ ዑለማዎች ሰማዩ በሥርዓት እንደሚመላለስና ሥርዓቱም በቁጥር እንደሚያዝ ለዘመናት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ኮከብ መመልከት ጥንቆላ ይመስላል ብለው የሚሠጉ ወላጆች ስላሉ ይህን ማንሳት አስፈላጊ ነው። ጥንቆላ ዕጣ ይናገራል፤ ባይደርስም ሰበብ አያጣም። የአልጎል ስሌት ግን «ሐሙስ ምሽት 2 ሰዓት ከ49» ብሎ ራሱን ያጋልጣል፤ ካልሆነ ተሳስቷል፣ ያም በሁሉም ፊት ይታያል።

በዘመናችን ጠንካራው ተቃውሞ ከባለሙያዎች በኩል የሚመጣው ነው። የአውሮፓ ጋያ ሳተላይት በ2022 ባወጣው መረጃ 10 ሚሊዮን ያህል ተለዋዋጭ ከዋክብት በኮምፒውተር ተመድበዋል፤ ከእነዚህ ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ተጋራጅ ጥንድ ሳይሆኑ አይቀርም ተብለዋል። በቺሊ የተሠራው የሩቢን ቴሌስኮፕም ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ምስሎቹን ማሳየት ይዟል። ታዲያ በደሴ ግቢ በዓይን የሚገመት ቁጥር ምን ዋጋ አለው? ተቃውሞው በከፊል ትክክል ነው፤ ደብዛዛ ከዋክብትን በመቁጠር ከማሽን ጋር መፎካከር ሞኝነት ይሆናል። ይሁን እንጂ እነዚያ መሣሪያዎች ለደብዛዛው ተብለው ስለተሠሩ በዓይን የሚታዩ ደማቅ ከዋክብትን በአግባቡ ለመለካት ይቸገራሉ፤ ለሩቢን እንደ አልጎል ያለ ኮከብ ካሜራውን የሚያሳውር ብርሃን ነው። ሳተላይትም ዕድሜ አለው፤ ጋያ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ልኬቱን አቁሟል። የዑደት ለውጥ የሚገኘው ደግሞ በአሥርትና በመቶ ዓመታት መዝገብ ነው። በ1911 የተመሠረተው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር እስከ ዛሬ የማንኛውንም አገር አማተር ልኬት የሚቀበለው ለዚህ ነው። በየ27 ዓመቱ የሚጋረደው ኤፕሲሎን ኦሪጌ ከ2009 እስከ 2011 ሲጋረድ ብዙ አማተሮች ተከታትለውታል፤ ቀጣዩ ግርዶሽ በ2036 እ.ኤ.አ. ገደማ ይጠበቃል። ኮከቡ ከደሴ ሰማይ በደንብ ይታያል፤ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ያለ ልጅ በዚያን ጊዜ አስተማሪ ሆኖ ተማሪዎቹን ሊመራ ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቅድሚያ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ከተሞች በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ያለፈባቸው ናቸው፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፣ ንብረት ወድሟል። ኑሮው ከብዷል፤ ትምህርት ቤት ወንበር እየጎደለው ስለ ኮከብ ማውራት ቅንጦት ነው የሚለውን ሰው በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። መልሴ ግን ተቃውሞው የሚሠራው ገንዘብ በሚያስወጣ ነገር ላይ ነው የሚል ነው። ትልቅ ቴሌስኮፕ ይተከል ብዬ ብሟገት ተቃውሞው ይረታኝ ነበር። ላቦራቶሪው የተዘረፈበት ትምህርት ቤት ግን በዝርፊያ የማይጠፋ ላቦራቶሪ ከራሱ በላይ አለው። የፊዚክስ መምህር ፔንዱለም ባይኖረው፣ ማይክሮስኮፑ ቢሰበር፣ መለካት፣ የስሕተትን መጠን መገመት፣ ግራፍ መሥራትና ከግራፍ መደምደም የሚባሉትን የሳይንስ መሠረቶች በአልጎል ላይ ማስተማር ይችላል። እንዲያውም የመሣሪያ እጥረት ባለበት ይህ ሥራ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሰማዩና የምሽቱ ጉዳይ ነው። ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይጋርዳል፣ በወሎ የበልግ ዝናብም አለ፤ ደሴ ጉም ታበዛለች፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ብርሃን ሰማዩን ያደበዝዛል፤ በዚህ ላይ በማታ ከቤት መውጣት ሁልጊዜ አይመችም። እያንዳንዱ እውነት ነው፤ አንዱም ግን ሥራውን አያስቀርም። የአልጎል ምቹ ወቅት በጋ ነው፤ ሰማዩ በሚጠራበት ጊዜ ምሽቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ይታያል። በሐረጎ ቁልቁለት የተለያዩት ሁለቱ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም በከፍታ ከ600 ሜትር የማያንስ ልዩነት ስላላቸው አንዷ ጉም ስትለብስ ሌላዋ ልትጠራ ትችላለች፤ አንዱን ግርዶሽ ሁለቱም ቢመዘግቡት አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሞላል፣ ሁለቱም ካዩት ደግሞ አንዱ ሌላውን ያርማል። አልጎል ደማቅ ስለሆነ የመንገድ መብራት አያጠፋውም። ስለ ደኅንነቱም ቢሆን ግርዶሹ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ከማታ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚውሉትን ብቻ መርጦ፣ ተማሪው ከራሱ ግቢ ሳይወጣ መሥራት ይቻላል።

እንግዲህ የሚፈለገው ጥቂት ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል፣ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ አለው። የመጀመሪያው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የአልጎልንና በሰማዩ መሐል አናት ላይ የሚያልፈውን፣ በ4 ቀን ገደማ የሚጋረደውን ላምዳ ታውሪን ግርዶሾች በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጅ። ሁለተኛው ተማሪዎቹ የሚልኩትን ቁጥር የሚሰበስብ፣ ሰዓቱን ወደ ዓለም አቀፉ የሚመልስና ግራፍ የሚሠራ ቀላል ፕሮግራም ይሥራ፤ ይህ ለሶፍትዌር ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ነው። የየትምህርት ቤቱ ልኬት ከነስሕተቱ፣ ከነተመልካቹ ስም ምሕጻረ ቃል፣ ከነደመናው ማስታወሻ ይቀመጥ፤ ደስ ያላለን ቁጥር መሰረዝ ይከልከል። ከሦስት በጋ በኋላም ሥራው በግልጽ መስፈርት ይመዘን። በዓይን የተገኘው የአልጎል ዑደት ከታወቀው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልገባ፣ ወይም መዝገቡ በየዓመቱ ካልቀጠለ፣ አልተሳካም ይባል፤ ከተሳካ ደግሞ ለቀጣዩ ደረጃ፣ በተራ ካሜራ ለሚሠራ የብርሃን ልኬት፣ ገንዘብ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይኖራል። ትልቁ ቴሌስኮፕ አንድ ቀን ሲመጣ የሚያስፈልገው መዝገብ መያዝ የለመደ ሰው ነው፤ ያን ሰው ማፍራት ደግሞ ገንዘብና ፈቃድ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም።